አሮጌው ዲሽ

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ እናቴ አልጋ ይዘው ነበር። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን መከታተል ቍርባንን እንደማይተካ እርሳቸውም ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሥዕሉ በጠፋ ጊዜ እጅግ አዘኑ።

ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት የሚሠራጭበት ሳተላይት ግን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ይገኛል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ምዕራብ የዞረውን ዲሽ ለጸሎት ወደሚቆምበት ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ 25 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ አዘንብሎ፣ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ሰማይ ቀና ሊያደርገው ይገባል። እኔም ይህን አደረግሁ፤ ሥዕሉ ግን ይቆራረጥ ነበር። ዲሹ አንሶ መስሎኝ ሌላ ሰፊ ገዛሁ፤ እርሱም እንደዚያው ሆነ! ኋላ አንድ ተማሪዬ ጣራ ላይ ወጥቶ ኤል ኤን ቢውን በማቀፊያው ውስጥ ጥቂት ቢያዞረው ሥዕሉ ጠራ። አሮጌውንም መልሰን ብንሞክረው በቂ ሆኖ ተገኘ። ለካ ሳተላይቱ ሲለወጥ ይህም አብሮ መዞር ነበረበት።

ሪሲቨሩን የሚመለከተው ሰው የኃይሉን ሳይሆን የጥራቱን ቍጥር ያንብብ፤ ኃይሉ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ከፍ ሊል ይችላልና። ምሰሶው በቱንቢ ተለክቶ በግንብ ላይ ይተከል፤ ቆርቆሮ በነፋስ ይናወጣል። የገመዱም መጋጠሚያ ዝናብ እንዳይገባበት በፕላስተር ይጠቅለል።

ሰፊው ዲሽ ዛሬ የዶሮ ቤት ክዳን ሆኖአል።