የተሰበረች ትንሽ መቀርቀሪያ

በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ በምትገኘው በባንኮ ጎቲቲ፥ በቡናና በእንሰት መካከል ወዳለ አንድ ቤት ልቅሶ ለመድረስ ሄደን ያየነውን ልንነግራችሁ ወደድን።

አባወራው ካረፉ ሠላሳ ቀን አልፎ ነበር። ቤተ ሰቡ ለአርባቸው ቀን ፎቶግራፋቸውን ለማቆም ቢሻም፥ በደኅና ጊዜ የተነሡት የሚገኘው በአንዲት አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ብቻ ነበር፤ ካርድ ስላልነበራት ሥዕሉ የተቀመጠው በራሷ ሆድ ውስጥ ነው። ካሜራዋ ግን አልበራ ብላለች። ከተማ ወስደው ያሳዩአት ሠራተኛ «ሞታለች፤ ጣሏት» ብሎ መለሳቸው። (የማይገባንን ሁሉ ሞተ ማለት እንዴት ይቀለናል!)

ገልብጠን ብናያት የተሰበረው የባትሪ ድንጋይ መክተቻው ክዳን መቀርቀሪያ ነው፤ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ፕላስቲክ። ክዳኑ ግን መሸፈኛ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለችው ስስ ብረት የአንዱን ድንጋይ ፖዘቲቭ ጫፍ ከሌላው ነጌቲቭ ጫፍ ታገናኛለች፤ ባለ 1.5 ቮልቶቹ ሁለት ድንጋዮች 3 ቮልት የሚሰጡት በእርሷ ነው። ሞላዎቹ ድንጋዮቹን ወደ ውጭ ሲገፉ መቀርቀሪያ የሌለው ክዳን ጥቂት ይነሣል፤ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። ሥዕሉ ግን ያለ ኤሌክትሪክም አይጠፋም።

በሞላው ላይ ነጭ ዝቃጭ ነበረ። አልካላይን ድንጋይ ሲያፈስ የሚተወውን ይህን ዝቃጭ አቼቶ ያከሽፈዋልና፥ በአቼቶ በራሰ ጥጥ ጠርገን በደንብ አደረቅነው። ሱፐር ግሉ ብንሞክር በማግስቱ ተላቀቀ፤ የሞላው ግፊት ፋታ አይሰጠውም። ደግሞም ጠብታው በብረቱ ላይ ቢወድቅ መገናኛውን ይዘጋል።

በመጨረሻ ከአሮጌ መስኮት የአሉሚኒየም ቁራጭ አገኘን። ከካሜራዋ ሥር ባለ ሦስት እግር መቆሚያ የሚታሰርባት የሩብ ኢንች ቀዳዳ አለችና፥ ቁራጩን በስተን በአጭር ብሎን በእርሷ ላይ አሰርነው፤ ሌላው ጫፉ ክዳኑን ተጭኖ ያዘ። ብሎኑ ከረዘመ ውስጡን ስለሚወጋ ጥልቀቱን አስቀድመን በክብሪት እንጨት ለክተናል። ድንጋይ ለመለወጥ ብሎኑን ማላላት ይበቃል።

ካሜራዋ በራች። አባወራው ቀይ ቡና ከተሰጣበት አልጋ አጠገብ ቆመው ታዩ። ሥዕሉን ወዲያው ወደ ካርድ ገለበጥነው። ባለቤታቸው ግን ካሜራዋን ከእጃችን ተቀብለው፥ «ይህ ጋቢ አሁንም ሣጥን ውስጥ አለ» አሉ።