ፎቅ ስትሠሩ እናታችሁን አስቡ!



ከአምበር ዙሪያ ገጠር የመጡ አንዲት እናት አክሜ ነበር። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ አደረሳቸው፤ ከዚያ በመኪና ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሕክምናው ተሳካ። ልጃቸው እስኪያገግሙ ብሎ ወደተከራየበት አዲስ ሕንፃ ወሰዳቸው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። አሁንም አራት ጎረምሳ በቃሬዛ! የገጠሩ ቤታቸው ቢያንስ ደረጃ አልነበረውም።

«ዶክተር፣ ስለ ሕንፃ አንተ ምን አገባህ?» የምትሉ አትጠፉም። በጣም ያገባኛል! እኚህ እናት መውረድ ስላልቻሉ ቀጠሯቸው አለፈ፣ ፊዚዮቴራፒው ተቋረጠ። ሰው አልጋ ላይ በዋለ ቁጥር የአልጋ ቁስል፣ የእግር ደም መርጋትና የሳንባ ምች ይከተላሉ። እኔ ያከምኩትን ደረጃው መልሶ ያሳምመዋል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄድም፣ ደረጃ መውጣት ለማይችልም የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጎ ነበር። ግን ልብ በሉ፦ ግዴታው የሕዝብ መገልገያ ላይ ነበር፤ ሰው የሚኖርበትን አፓርታማ በስም አልጠራም። አዋጁ የታሰበውም 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር። እንደ አምበር ያለ ገና እያደገ ያለ ከተማ በዚህ ቀዳዳ ሊያመልጥ ነበር ማለት ነው? ሀገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 9 መኖሪያ ቤትን በግልጽ ይጠራል።

ትልቁ ችግር አፈጻጸሙ ነው። ራምፑ ፕላኑ ላይ አምሮ ይሳላል፣ ፈቃድ ይወጣበታል፤ ሲሚንቶ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ቢሠራም እንደ ገደል ቀጥ ያለ ነው፤ ዊልቸር ሊወጣው ቀርቶ ጤነኛ ሰው ያንሸራትታል። መቆጣጠር ያለበት አካል ደግሞ ወረቀቱን አይቶ ይፈርማል።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሊሰጥ የሚሄድ ባለሙያ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ይግባ። ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ራሱን ችሎ ካልደረሰ አይፈርም!

«ወጪ ነው» ለምትሉ ባለሀብቶች፦ መሠረት ሲወጣ ቢታሰብ ወጪው ትንሽ ነው፤ ከተገነባ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። አዲስ አበባ ስንቱን ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ያለ ሊፍት ሠርታ ዛሬ አረጋውያን ቤታቸው ውስጥ ታግተዋል። እኛ ጋ ገና ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ቤት የምትሠሩ፣ ለመሐንዲሳችሁ ይህን ንገሩ፦

1. ከተቻለ መግቢያው ደረጃ አይኑረው። ካለው፣ ለእያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1.80 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ይሠራ።
2. በሮች፣ የመጸዳጃ ቤቱም ጭምር፣ 90 ሴንቲ ሜትር ይስፉ።
3. መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ዊልቸር የሚዞርበት 1.50 ሜትር ቦታና የእጅ መደገፊያ ይኑር።
4. ደረጃው በሁለቱም በኩል መደገፊያ ይኑረው።

ተከራዮችም ስለ ውኃና መብራት እንደምትጠይቁ ስለ መግቢያውም ጠይቁ።

ዛሬ በሁለት እግራችሁ ትሮጡ ይሆናል። እርጅና፣ ስትሮክና የመኪና አደጋ ግን ቀጠሮ አይዙም። ያኔ የምትወጡት ዛሬ የሠራችሁትን ደረጃ ነው።

ቤት እየሠራ ላለ ወዳጃችሁ አጋሩ።