ኮድ የሚጽፍልንን ኮድ ማን ይፈትሸው?

ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች በተነሳ ቁጥር «የቱ ይፈጥናል» የሚለው ክርክር ጆሮ አደንቁሯል። እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የማክሮው ነገር ያሳስበኛል። ማክሮ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ፕሮግራመሩ ደጋግሞ መጻፍ የሰለቸውን ኮድ በእሱ ፈንታ የሚጽፍ ኮድ ነው። ሥራውን የሚሠራው ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ፣ ኮምፓይል ሲደረግ ነው።

በሲ ማክሮ ጽሑፍን በጽሑፍ ከመተካት በቀር የሚያውቀው የለም። «ካሬ ማለት ሀ*ሀ» ብላችሁ ጻፉና 3+1 ስጡት። 16 ስትጠብቁ 7 ይመጣል፤ የተሰላው 3+1*3+1 ነዋ! ሊስፕ ግን ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለማክሮው የሚሰጠው ፊደል ሳይሆን የኮዱን መዋቅር ስለሆነ 3+1 እንደ አንድ አካል ይገባል። የቀረውን የስም መጋጨት ችግር ደግሞ የስኪም ሰዎች በ1980ዎቹ መላ አበጁለት።

ራስት ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው በተሰጠው ቅርጽ ኮድ ከማገጣጠም አያልፍም። ሁለተኛው ግን ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ኮምፓይል ስታደርጉ በእናንተው ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል፣ ፋይል መክፈት ይችላል፣ ኢንተርኔት መግባት ይችላል። የሰርቨር ቁልፎቻችሁ የተቀመጡት የት እንደሆነ አስቡት።

በ2023 ሴርዴ የተባለው እጅግ ተወዳጅ የራስት ላይብረሪ፣ የኮምፓይል ጊዜ ለማሳጠር ብሎ፣ ለሊኑክስ ማክሮውን አስቀድሞ ኮምፓይል አድርጎ ላከ። «የማናነበውን ነገር እንዴት እናስኬዳለን?» ተብሎ ቁጣው ነደደ፤ በነሐሴ ወር ተነሳ። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ምንጩ ሲታይም እኮ ማክሮው ያው ሙሉ ሥልጣን አለው። በየፕሮጀክቱ የሚገቡትን በመቶ የሚቆጠሩ ላይብረሪዎች መስመር በመስመር የሚያነብ ማነው? (ይፈተሻል እንጂ የሚል ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ።)

በእኔ እምነት ማክሮ ታጥሮ መሮጥ አለበት። «አንዳንዱ እኮ ዳታቤዝ ማየት ያስፈልገዋል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እንግዲያውስ ይጠይቅ! ስልካችን ላይ ተራ አፕ እንኳ ካሜራ ለመክፈት ፈቃድ ይለምናል።

ጎ ጭራሹን ማክሮ የለውም። ኮድ የሚያመነጭ መሣሪያ ካስፈለገ ፕሮግራመሩ ራሱ አዝዞ ያስኬደዋል፤ የወጣውም ኮድ በተራ ፋይል ተቀምጦ ይታያል። ያሰለቻል፣ ይረዝማል። የራሴን ቁልፎች በያዘ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን እኔ ይህንኑ እመርጣለሁ።