የካሲዮው ዘፈንና የእኛ ድግስ

በውጭ አገር ሰርጋችን ላይ ምግቡ ሳይቀርብ የሚጀመር ሐሜት አለ፤ «ባንድ አላመጡም እንዴ? በአንድ ኪቦርድ ሊያስጨፍሩን ነው?» ኪቦርዲስቱ ይህን እየሰማ ገመዱን ይሰካል። ለዚህ ሐሜት መልስ የሚሆን ዘፈን ከጃማይካ አለ።

ዘፈኑ የዌይን ስሚዝ «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ» ነው። እ.ኤ.አ. 1985፣ ኪንግስተን፣ ዋተርሃውስ ሰፈር። ኖኤል ዴቪ የተባለ ሙዚቀኛ ካሲዮ ኤምቲ-40 የምትባል፣ ለቤት መለማመጃ የተሠራች ትንሽ ኪቦርድ ነበረችው። ውስጧ ተዘጋጅተው ከተቀመጡት ምቶች መካከል «ሮክ» የሚለው ሲነካ ባሱም ከበሮውም አንድ ላይ ይወጣል። ዴቪና ስሚዝ እሱን ይዘው ወደ ፕሮዲዩሰሩ ኪንግ ጃሚ ሄዱ። የምቱን ፍጥነት ቀነሱት፣ ፒያኖ ደረቡበት፣ ስሚዝም ስለ ጋንጃ የሚያወራ ግጥሙን ዘፈነበት። ባስ ጊታር የሚባል የለበትም። ሪዲም፣ ማለትም ዘፋኙ የሚዘፍንበት የሙዚቃ መሠረት፣ ባሲስትና ድራመር ስቱዲዮ ተቀምጠው የሚያወጡት ነገር በነበረበት አገር ይህ ድፍረት ነው።

ምቱን ለካሲዮ ያዘጋጀችው ሂሮኮ ኦኩዳ ናት። በ1980 ኩባንያውን የተቀላቀለች፣ የመመረቂያ ጽሑፏን በሬጌ ላይ የሠራች ጃፓናዊት። ሬጌው ጃፓን ደርሶ በማሽን ሆድ ውስጥ ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ስኬቱ የተወሰነው ግን ስቱዲዮ ውስጥ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ፌብሩወሪ ላይ ጃሚ በዋልተም ፓርክ ሮድ ከብላክ ስኮርፒዮ ጋር ገጠመ። ሳውንድ ክላሽ ይሉታል። ሁለት የሳውንድ ሲስተም ባለቤቶች ስፒከር ደርድረው ይፋጠጣሉ፤ ሌላው ያልሰማውን አዲስ ቅጂ ያወጣሉ፤ ዳኛው ሕዝቡ ነው። ያን ሌሊት ስሌንግ ቴንግ ሲለቀቅ ነገሩ አለቀ። ቴነር ሶው፣ ጆኒ ኦዝቦርንና ሌሎችም በዚያው ሪዲም ላይ እየገቡ የየራሳቸውን ዘፈን ሠሩ፤ እስከ ዛሬ በላዩ የተዘፈነው በመቶዎች ይቆጠራል። እዚያ ይህ ሌብነት አይባልም፤ የሥራው ወግ ነው።

አሁን ወደ እኛ። በዚያው በ1985 የዋልያስ ባንዱ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ይዞ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። የወጣው ካሴት የቆየ ዜማችንን እንደዚያ ባለ ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ለእኔ ከዋተርሃውሱ ሙከራ በድፍረት አያንስም። ጋሽ ኃይሉ ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና እስኪያሳትመው ድረስ፣ ኪቦርዱን ታክሲው ውስጥ አስቀምጦ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። እኛ ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ስንሄድ ኖረናል።

ዋሽንግተን የጎደላት ዋልተም ፓርክ ሮድ ነው። በዲሲም በፍራንክፈርትም በዱባይም ድግሳችን ላይ የምንፈልገው የምናውቀውን ዘፈን ብቻ ነው። ኪቦርዲስቱ የራሱን ሊሞክር ሲል «ኧረ የምናውቀውን!» እንለዋለን፤ ከዚያ ደግሞ አዲስ ነገር ጠፋ ብለን እናማርራለን።

ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለጁላዩ የኳስ ፌስቲቫል አዳራሽ የምትከራዩ ወገኖች፣ ከሌሊቱ ግማሽ ሰዓት ገና ላልወጡ ዘፈኖች ስጡ። ሁለት ኪቦርዲስቶች ይፋጠጡ። ካልጣመን ዝም እንላለን፤ ከጣመን «ይደገም!» ብለን እናስደግመው። የእነሱ ክፍያም ለትልቁ ድምፃዊ ከሚከፈለው ላይ ይነሳ፤ እሱ እንደሆነ የሚዘፍነውን በቃላችን እናውቀዋለን።