በቀይ ባሕር ሥር ያለ የቦምብ ግምጃ ቤት

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አገራችንን ይዞ ለነበረው ለኢጣልያ ጦር ተጭኖ ሲመጣ ከመንገድ ስለ ቀረ አንድ ጭነት ሰምተው ያውቃሉን? ጭነቱ 360,000 ያህል ቦምብ ነው። የሚገኘውም በሱዳን፤ ከፖርት ሱዳን ወደብ አጠገብ፤ በቀይ ባሕር ሥር ነው። ዛሬ በዙሪያው ዓሣ ይርመሰመስበታል። የዚህ ሳምንት ጨዋታችን ስለዚሁ ነው።

መርከቡ ኡምብሪያ ይባላል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1911 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ተሠርቶ፤ በኋላ በኢጣልያ እጅ ገባ። በ1932 ዓ.ም. በግንቦት ወር በኢጣልያ ወደቦች ከቦምቡ ጋር ሲሚንቶና ሦስት የፊያት አውቶሞቢሎች ጭኖ ወደ ቀይ ባሕር አመራ። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም ነበርና እንግሊዞች መርከቡን ሊወርሱት ሕግ አልፈቀደላቸውም። ስለዚህ በፖርት ሰይድ ምርመራ እያሉ ጥቂት ቀን አዘገዩት። ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንቀራፈፍ አይተው የተማረሩ አንባቢ፤ መዘግየት አንድ ጊዜ እንኳ ለበጎ እንደ ዋለ እዚህ ላይ ይመልከቱ።

መርከቡ ከዚያ ወጥቶ ዊንጌት ሪፍ በሚባለው የኮራል ቋጥኝ አጠገብ መልሕቁን ጣለ፤ እንግሊዞችም እንደገና ሊፈትሹት ወጡበት። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ካፒቴኑ ሎሬንጾ ሙየሳን በክፍሉ ሆኖ ራዲዮ ሲያዳምጥ ኢጣልያ ጦርነት ማወጇን ሰማ። በመርከቡ ላይ የነበሩት እንግሊዞች ወሬው ገና አልደረሳቸውም። ካፒቴኑም ቀረብ ብሎ፤ መርከበኞቼ በነፍስ አድን ጀልባ የመውረድ ልምምድ እንዲያደርጉ ይፈቀድልኝ አለ፤ ተፈቀደለትም። በታች ግን ሰዎቹ የባሕር ውሃ የሚያስገቡትን ቧንቧዎች ከፍተው ነበር። ነገሩ ሲታወቅ መርከቡ መስጠም ጀምሮ ስለ ነበር የሚያድነው አልተገኘም።

ጭነቱ ደርሶ ቢሆን ኖሮ በማን ላይ እንደሚወርድ መገመት አያስቸግርም። የአውሮፕላን ቦምብ ምን እንደሚያደርግ በማይጨው ዘመን የነበሩት አያቶቻችን አይተውታል። ኡምብሪያ ከሰጠመ አንድ ዓመት ሳይሞላ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በሐሳብ የአየር ጠርሙስ አዝለው አብረውን ይጥለቁ። ይህ ጠርሙስ የሚሠራበትን መሣሪያ በ1943 በአውሮጳ አቆጣጠር ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን አውጥተውታል። ሥራውም ጠላቂው በሚተነፍስበት ጊዜ ሁሉ ከውሃው ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር መስጠት ነው። ውሃው በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ይጨምራል፤ በ30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ዳር አራት እጥፍ ስለሚሆን አየሩም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ወደ ላይ ሲመለሱም መቸኮል ክልክል ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንዴት እንደሚፈላ ያውቃሉ፤ በጠላቂው ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅንም ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ እንዲሁ አረፋ ይሆናል፤ ይህም ሽባ ሊያደርግ፤ ሊገድልም ይችላል።

ኡምብሪያ በግራ ጎኑ ተኝቷል። የታችኛው ክፍል ወደ 38 ሜትር ሲጠልቅ፤ ላይኛው ጎን ግን ከውሃው ፊት ጥቂት ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በ1949 በአውሮጳ አቆጣጠር ወርዶ ባየውና ፎቶግራፍ ባነሣው ጊዜ መርከቡ ከሰጠመ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ የሕያዋን ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው። ልጆቹ በውሃ እየተንሳፈፉ ጠንካራ ነገር ይፈልጋሉ፤ ባገኙ ጊዜ ተጣብቀው የኖራ ቤት ይሠራሉ። ብዙዎቹ በሰውነታቸው ውስጥ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁ ረቂቅ ዕፅዋት ስላሉ ብርሃን ያሻቸዋል። ስለዚህ ለፀሐይ የቀረበው የመርከቡ ጎን ያማረ የአትክልት ቦታ ሆኗል። በቀቀን የሚባለው ዓሣ ኮራሉን እንደ ምንቃር ባለ ጥርሱ ይፍቃል፤ የፈጨውንም አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። ትላልቆቹ ዓሦች ከጥላው ሥር ያደባሉ።

ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሲገቡ ግን ብርሃኑ ይቀንሳል። አውቶሞቢሎቹ አሁንም በዚያ ናቸው። ቦምቦቹም እንደ ተደረደሩ ይታያሉ። ብረታቸው ዝጓል፤ በውስጡ ያለው ፈንጂ ግን በውሃ ብዛት ውሃ አይሆንም። ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየን ፈንጂ መነካካት፤ ከመተው ይልቅ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። እንዲሁ ይቀመጥ እንዳይባል ደግሞ አጠገቡ ትልቅ ወደብና ብዙ ሕዝብ አለ።

ባሕሩ ክፉ ዕቃችንን በውበት ሸፍኖልናል፤ አላመከነውም ግን። በጥቂት ሳምንት የተጫነው ሸክም ለልጅ ልጅ ተርፏል። አንባቢ ሆይ፤ የሰጠመ ሁሉ ያለቀ እንዳይመስልዎ፤ ቦምብ መሥራት የሚያውቅ ሁሉ የሚጥልበትንም አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።