ሰማዩ ይጠበቅ፤ በር ግን ይኑረው

ወገን፣ ዛሬ ስለ ድሮን እናውራ። ሮቢት፣ ጎብዬ ወይ ቆቦ ላይ ይህን ቃል ስትጠራ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። አይፈረድበትም። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 መጣብን፤ በነሐሴ 2014 ተመልሶ መጣ። በጥቅምት 2016 ደግሞ በክልላችን ዋበር ከተማ አውቶቡስ ሲጠብቁ የነበሩ ቢያንስ 13 ሰዎች መናኸሪያው ላይ በድሮን ጥቃት መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አሳውቋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ዛሬ የምናነሳው ግን ትንሹን፣ ሠርግ የሚቀረጽበትን ድሮን ነው። ሩብ ኪሎ የማይሞላ አለ፤ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ማሳ ላይ ያለች እናት ግን ድምፁን ሰምታ "ይሄ የካሜራ ነው፣ ያ የቦምብ ነው" ብላ አትለይም። ኬላ ላይ የቆመ ወታደርም እንደዚያው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ልብ በሉ! በአገራችን ያለ ኢንሳ ፈቃድ ድሮን ማስገባትም ማብረርም አይቻልም። ዘመድህ ከሪያድ ወይ ከዱባይ ይዞልህ ቢመጣ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ያስቀረዋል። ተደብቆ ቢገባ የባሰ ነው። በዚህ ጊዜ ካምፕ አጠገብ ብታስነሳው "ለመዝናናት ነው" ብትል ማን ይሰማሃል? ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆንብህ።

የጸጥታው ስጋት ተረት አይደለም። አይሲስ ሞሱል ላይ ከገበያ የተገዛ ድሮን እያስነሳ ቦምብ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ለንደን አጠገብ ያለው ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ "ድሮን ታየ" በመባሉ ብቻ 1000 ገደማ በረራዎች ተስተጓጉለዋል። እኛም ብንሆን በመስከረም 2013 የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በህዳሴው ግድብ ላይ በረራ ሲከለክል አጨብጭበናል። ትክክል ነበር፤ የሚጠበቀው ነገር ታውቆ የተከለለ ሰማይ ነውና።

በዚያው ወቅት ግን እኛ ቆላ ላይ ምን ነበር? አንበጣ ማሽላውንና ጤፉን ሲበላ ገበሬው በጅራፍ፣ በፉጨት፣ በጩኸትና ቆርቆሮ በመደብደብ ነበር የሚያባርረው። ትንሽ ድሮን የአንበጣ መንጋ አያቆምም፤ አንዋሽም። አንበጣ ግን ማታ አርፎ ያድራል፤ የት እንዳደረ በምሽት ከታወቀ ንጋት ላይ መርጨት ይቻላል። ድሮን የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። በቆቦ ጊራና የመስኖ ልማት ውስጥ የትኛው ማሳ ውሃ እንደጠማው፣ ጎርፍ የትኛውን ቦይ እንደሰበረ፣ በእግር ቀኑን ሙሉ የሚያዞረውን በደቂቃዎች ያሳያል።

ሌላው አፍሪካ ምን አደረገ? ሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገጠር ሆስፒታሎች ደም በድሮን ታደርሳለች። ማላዊ በ2017 ከዩኒሴፍ ጋር ካሱንጉ ላይ ለድሮን ሙከራ የተከለለ ሰማይ ከፈተች፤ በ2020 ደግሞ ወጣቶቿን የምታሠለጥንበት አካዳሚ አቋቋመች። እነዚህ ከኛ የተሻለ ሀብት ያላቸው አገሮች አይደሉም። ሰማያቸውንም በረት አላደረጉትም፤ "እዚህ ይቻላል፣ እዚህ አይቻልም" ብለው መስመር አሰመሩ።

የኛም ጥያቄ ይኸው ነው። አንደኛ፣ የተከለከለው ቦታ በግልጽ ካርታ ይውጣ፤ ሰው የማያውቀውን አጥር አያከብርም። ሁለተኛ፣ የፈቃዱ መንገድ አዲስ አበባ ደጅ ከመጥናት ወርዶ ዞን ይድረስ። ሦስተኛ፣ ለግለሰብ መስጠት ካስፈራ በወልድያ ዩኒቨርሲቲና በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስም ይፈቀድ፤ ቀን፣ ሰዓትና ከፍታ ተወስኖ፣ የጸጥታ አካል እያወቀው፣ ለቀበሌው ሕዝብም አስቀድሞ ተነግሮት ይብረር። ገበሬው ሰማይ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ካወቀ አይሸሽም።

በቅየሳ፣ በመስኖ ምህንድስና፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀን ቤት የተቀመጥን ስንት ነን? ይህ ሥራ ለኛ ነበር። መንግሥት ሰማዩን ሲጠብቅ ከጎኑ መቆም እንችላለን፤ ግን ጥበቃ ማለት ለዘላለም መቆለፍ አይደለም። እስከዚያው ማንም ተደብቆ አያብር። የአንድ ልጅ ቪዲዮ ለጠቅላላው ወጣት የክስ ማስረጃ እንዳይሆን፣ በሩ እስኪከፈት ጥያቄያችንን በአደባባይ፣ በስማችን እናቅርብ።