ወርቁ ነው የተወደደው ወይስ ገንዘቡ ነው የረከሰው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱን ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። "እቁብ ደርሶኛል፣ ወርቅ ልግዛበት?" "ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ቀለበቱን አሁን እንግዛ ወይስ ይወርዳል?" "አረብ ሀገር ያለችው እህቴ ብር ከምትልክ ወርቅ ይዛ ብትመጣ አይሻልም?"

እኛ የገንዘብ አማካሪዎች አይደለንም። ግዙም አትግዙም አንልም። ነገር ግን ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ ይዞ ወርቅ ቤት የሚገባ ሰው፣ ዋጋው ለምን እዚህ እንደደረሰ አውቆ ቢገባ ጥሩ ነው ብለን እናምናለን። ታሪኩ ደግሞ ከፒያሳ አይጀምርም፤ ከዋሽንግተን ነው የሚጀምረው።

(ካልገለጽን በስተቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ ምን ይላል?

2024 ሲጀምር አንድ አውንስ ወርቅ (31.1 ግራም ነው) በዓለም ገበያ 2,060 ዶላር ገደማ ነበር። በማርች 2025 ላይ 3,000 ዶላርን ተሻገረ። በኤፕሪል 3,500ን ነካ። በኦክቶበር 4,000ን አለፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ወርቁ ያው ወርቅ ነው። አይበላም፣ አይወልድም፣ ወለድም አይከፍልም። ታድያ ምን ተገኘ?

ታሪፉን የሚከፍለው ማነው?

እኛ ሀገር ታሪፍ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የታክሲ ታሪፍ ነው። የትራምፕ ታሪፍ ግን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ ነው። ፕሬዝዳንቱ ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ላይ በአብዛኛው የዓለም ሀገር ላይ ቢያንስ 10 በመቶ መጣላቸውን አወጁ። ኢትዮጵያም 10 በመቶው ደርሷታል። ከቻይና ጋር ነገሩ ተካርሮ 145 በመቶ ከደረሰ በኋላ፣ በሜይ ተደራድረው ወደ 30 በመቶ ወረደ።

ብዙ ሰው ሲሳሳት የምናየው እዚህ ጋ ነው። "ቻይና ትከፍላለች" ይባላል። ጉምሩክ ላይ ቆሞ የሚከፍለው ግን ዕቃውን የሚያስገባው አሜሪካዊ አስመጪ ነው። የመርካቶ አስመጪ ቀረጥ ሲጨመርበት ምን ያደርጋል? የተወሰነውን ከትርፉ ይቀንሳል፣ ላኪውን ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ ይለማመጣል፣ የቀረውን እኛ ላይ ይጨምራል። እዚያም ያው ነው።

ምሳሌ እንስጥ። በ2018 ትራምፕ በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናቸው ከውጭ በሚገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ታሪፍ ጥለው ነበር። የማጠቢያው ዋጋ በ12 በመቶ ገደማ ጨመረ። የሚገርመው ግን የልብስ ማድረቂያውም በዚያው ልክ ተወደደ። ማድረቂያው ላይ እኮ ታሪፍ አልተጣለም! ሁለቱ አብረው ስለሚሸጡ ነጋዴው ጭማሪውን ለሁለቱም አካፈለው። ተመራማሪዎች ሲያሰሉት መንግሥት በዓመት 82 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሰበስብ፣ ሸማቹ ግን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተጨማሪ ከፍሏል።

ሌላም አለ። በኖቬምበር 2025 ራሳቸው ትራምፕ ቡና፣ ሙዝና የበሬ ሥጋን ጨምሮ በርካታ የምግብ ዓይነቶችን ከእነዚህ ታሪፎች ነፃ አደረጉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአስቤዛ ዋጋ ሕዝቡን አስመርሮ ነበር። የእኛም ቡና ከ10 በመቶው የተረፈው በዚሁ ነው።

እንግዲህ ታሪፍ ዋጋ ይጨምራል። ይሁንና በራሱ ጭማሪው አንድ ጊዜ የሚወጡት ደረጃ ነው። ዕቃው 100 የነበረው 110 ይሆንና እዚያው ይቆማል። የዋጋ ንረት ማለት ደግሞ በየዓመቱ ደረጃ መውጣት ነው። የአሜሪካ ዓመታዊ ንረት በኤፕሪል 2025 ከነበረበት 2.3 በመቶ በሴፕቴምበር 3 በመቶ ደረሰ። ጨምሯል፣ ግን ወርቅን እጥፍ የሚያደርግ ጭማሪ አይደለም።

እንዲያውም አንድ እውነታ እንጨምር። በጁን 2022 የአሜሪካ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ያን ዓመት ወርቅ ምን ሆነ? 2022ን ከጀመረበት ዋጋ ፈቅ ሳይል ጨረሰ።

ለምን ቢባል የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንስቶ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። ዶላር ባንክ አስቀምጦ 5 በመቶ የሚያገኝ ሰው ወለድ የማይከፍል ወርቅ ለመያዝ አይጣደፍም።

ስለዚህ ወርቅ የሚያየው የዛሬውን ንረት ብቻ አይደለም። "ነገ ንረቱ ሲመጣ የሚታገለው አለ ወይ?" ብሎም ይጠይቃል። ዕዳው የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

38 ትሪሊዮን

የአሜሪካ መንግሥት ዕዳ በኖቬምበር 2024 36 ትሪሊዮን ዶላርን አለፈ። በኦገስት 2025 37፣ በኦክቶበር 2025 ደግሞ 38 ትሪሊዮን ገባ።

መንግሥት እንዴት ይበደራል? ለህዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ። ገንዘባችሁን ትሰጣላችሁ፣ ወረቀት ትቀበላላችሁ፣ ወለድ ይታሰብላችኋል። አሜሪካም ቦንድ ትሸጣለች። ገዢዎቿ የራሷ ዜጎችና ባንኮች፣ የጡረታ ፈንዶች፣ እነ ጃፓንና ቻይና ናቸው።

ችግሩ ወለዱ ነው። በ2024 በጀት ዓመት አሜሪካ ለዕዳዋ የከፈለችው ወለድ ለመከላከያ ካወጣችው በለጠ። በሜይ 2025 ሙዲስ የሚባለው የብድር ደረጃ አውጪ ድርጅት የአሜሪካን ደረጃ ከከፍተኛው አንድ እርከን ዝቅ አደረገው። ሌሎቹ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች በ2011 እና በ2023 ቀድመውት ነበር።

"ታሪፉ ገቢ ያመጣ የለ?" ትሉን ይሆናል። ያመጣል። በ2025 በጀት ዓመት ከጉምሩክ ቀረጥ የተሰበሰበው 195 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የዚያው ዓመት የበጀት ጉድለት ግን 1.8 ትሪሊዮን ገደማ ነበር። ገቢው የጉድለቱን አንድ ዘጠነኛ ያህል ነው። በጁላይ 2025 የጸደቀው የግብር ቅነሳ ሕግ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ጉድለቱ ላይ 3.4 ትሪሊዮን እንደሚጨምር የኮንግረሱ በጀት ቢሮ ገምቷል።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው።

ታሪፉ ዋጋ ይጨምራል። ማዕከላዊ ባንኩ ንረቱን ለመቆጣጠር ወለድ መጨመር ይኖርበት ይሆናል። ወለድ ከጨመረ ግን የመንግሥት የዕዳ ክፍያም ያብጣል። በኦክቶበር 2025 ከ38 ትሪሊዮኑ 30 ትሪሊዮን ገደማው ከመንግሥት ውጭ ባሉ አበዳሪዎች እጅ ነበር። በ30 ትሪሊዮን ላይ 1 በመቶ ብቻ ቢጨመር፣ ዕዳው እየታደሰ ሲሄድ በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ነው። ትራምፕ በ2025 የባንኩን ሊቀመንበር ጀሮም ፓወልን ወለድ ቀንስ እያሉ በአደባባይ ሲወርፉ የከረሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው የዕዳ ወጪ ነው። በኦገስት ደግሞ ከባንኩ የቦርድ አባላት አንዷን፣ ሊሳ ኩክን፣ ለማባረር ሞክረዋል። ባንኩም ንረቱ ከ2 በመቶ ግቡ በላይ እያለ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ወለዱን ቀነሰ። ባንኩ የሰጠው ምክንያት የሥራ ገበያው መቀዛቀዝ ነው። ገበያው ግን ጥርጣሬ ገብቶታል።

ጥርጣሬው አሜሪካ "አልከፍልም" ትላለች የሚል አይደለም። የእኛን ተሞክሮ አስታውሱ። በዲሴምበር 2023 ኢትዮጵያ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። እኛ የተበደርነው ማተም የማንችለውን ገንዘብ ነው። አሜሪካ የተበደረችው የራሷን ዶላር ነው፤ ሁሌም መክፈል ትችላለች። የሚፈራው ሲከፈል ያ ዶላር ምን ያህል ዳቦ ይገዛል የሚለው ነው።

ወርቅ የማንም ዕዳ አይደለም። ማንም ተነስቶ አያትመውም። ኦገስት 15 ቀን 1971 ፕሬዝዳንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መቀየር ሲያቆሙ የአንድ አውንስ ይፋዊ ዋጋ 35 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አይታችኋል።

ገዢዎቹም ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በ2022 ምዕራባውያን ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሩሲያ ተቀማጭ ካገዱ በኋላ፣ ብዙ ሀገሮች "ነገ የእኛስ?" አሉ። በ2022፣ በ2023 እና በ2024 የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ወርቅ ገዝተዋል።

ግን ወርቅም ይወድቃል

ይህን ሳንናገር ብናልፍ እናንተን ማሳሳት ይሆናል። በጃንዋሪ 1980 ወርቅ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። ያኔ ሁሉም "ገና ይጨምራል" ይል ነበር። ፖል ቮልከር የሚመሩት ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን 20 በመቶ አካባቢ ሲያደርሰው ዋጋው ተንኮታኮተ። 850 ዶላርን ተመልሶ ያየው በ2008 ነው። ሃያ ስምንት ዓመት! በ2011 እንደገና 1,900 ደረሰና በ2015 መጨረሻ 1,050 አካባቢ ወረደ። በኦክቶበር 2025ም 4,380 አካባቢ ከደረሰ በኋላ በአንድ ቀን ከ5 በመቶ በላይ ወድቋል።

እና እኛ ጋስ?

ፒያሳ ያለው የወርቅ ዋጋ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። አንዱ የዓለም ዋጋ፣ ሁለተኛው የዶላርና የብር ምንዛሪ።

እናስላው። በጁላይ 2024 መጨረሻ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ አውንሱ 2,400 ዶላር ገደማ፣ የባንክ ምንዛሪው 57.50 ብር ገደማ ነበር። አንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ወደ 4,400 ብር ይመጣል። በኦክቶበር 2025 አውንሱን 4,000፣ ዶላሩን 145 ብር ብንይዝ፣ ግራሙ ወደ 18,600 ብር ነው። ከአራት እጥፍ በላይ። ከዚህ ውስጥ ወርቁ በዶላር የጨመረው 67 በመቶ ገደማ ነው። ዶላሩ በብር ግን ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኗል። ትልቁን ድርሻ የያዘው የብር መርከስ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከለውጡ በፊትም በጥቁር ገበያው ዶላር ከባንኩ እጥፍ ገደማ ስለነበር፣ ወርቅ ቤቶች ዋጋቸውን ቀድመው በዚያው ልክ አድርገውት ነበር። ስለዚህ በሱቅ ደረጃ ጭማሪው በዚህ ልክ ድንገተኛ አልነበረም። ሒሳቡ ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ብር ለያዘ ሰው ወርቅ የዶላር መጠለያም ነው።

ባንክ ማስቀመጥስ? የቁጠባ ወለዱ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው። በ2017 በጀት ዓመታችን መጨረሻ ንረቱ 14 በመቶ አካባቢ ነበር። ባንክ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ የመግዛት አቅሙ ይሸረሸራል። ሰው ወደ ወርቅ ቢሮጥ አይፈረድበትም።

ለሀገር ደግሞ ውድነቱ ሲሳይ ሆኗል። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ልካ ካገኘችው 8.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ወርቅ ብቻውን ከ3 ቢሊዮን በላይ አስገኝቷል። ምንዛሪው ሲስተካከል በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወደ ብሔራዊ ባንክ ዞረ፣ የዓለም ዋጋውም አገዘ። ሆኖም ባንኩ ወርቅ ሲገዛ ብር ይለቃል። ያ ብር ተመልሶ ካልተሰበሰበ እዚሁ ንረት ይሆናል። ዋጋው ከወረደ ደግሞ ዶላሩም ይቀንሳል። በቡና አይተነዋል።

እንግዲህ ለጠያቂዎቻችን

• ለሠርግ የምትገዙ ከሆነ ወርቁ ዕቃችሁ ነው፤ የምትፈልጉትን ያህል ግዙ። ትርፍ አትጠብቁ።

• ጌጥ ስትገዙ የሥራ ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ ስትሸጡ ያ አይመለስም። ባለ 18 ካራት ደግሞ ሦስት አራተኛው ብቻ ነው ወርቅ። ካራቱንና ክብደቱን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ።

• የእቁቡ ብር ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚፈለግ ከሆነ፣ የ1980ውን ታሪክ አስታውሱ። ወርቅ የሚያዋጣው መጠበቅ ለሚችል ነው። ተበድሮ ወርቅ መግዛት ግን በፍጹም!

• ዜና ስትከታተሉ ታሪፉን ብቻ አትዩ። "ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ ጨመረ" የሚል ዜና በተከታታይ ከሰማችሁ፣ የወርቁ ነፋስ ሊዞር ይችላል።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ወርቅ የተወደደው ታሪፍ የሳሙናና የማሽን ዋጋ ስለጨመረ ብቻ አይደለም። ያን ጭማሪ ማስቆም የሚችለው ባንክ በመንግሥት ዕዳ እጁ ታስሯል ብሎ የጠረጠረ ሰው ስለበዛ ነው። ጥርጣሬው እስካለ ወርቅ ይፈለጋል። ጥርጣሬው የጠፋ ቀን ደግሞ በውድ የገዛው ያዝናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቁጠባችሁን በምን ይዛችኋል? ሐሳብ መስጫው ላይ ጻፉልን፣ እናነባለን።

ቸር እንሰንብት!